ወደብ የማይታይባቸው ቀናት፦ የመርከብ ሥራ ለሚያስቡ የደሴና የኮምቦልቻ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ከመንገደኞች መርከብ ሥራ በጡረታ ተሰናብቼ ኮምቦልቻ ከተቀመጥሁ ወዲህ ብዙዎቻችሁ ስለ ባሕር ሥራ ልትጠይቁኝ መጥታችኋል። የምትጠይቁኝም ስለ ደመወዙና ስለምታዩአቸው ከተሞች ነው፤ ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። እኔ ግን የምጽፍላችሁ ማንም ስላልጠየቀኝ ነገር፣ መርከቡ ውቅያኖስ ሲያቋርጥ መሬት ሳይታይ ስለሚያልፉት ቀናት ነው፤ ምክንያቱም ሰው ለዚህ ሥራ መሆን አለመሆኑ የሚለየው በእነዚያ ቀናት ነው።

በሚያዝያ አካባቢ ብዙ መርከቦች ከካሪቢያን ተነሥተው አትላንቲክን በማቋረጥ ወደ ሜዲትራኒያን ይሄዳሉ፤ በጥቅምት አካባቢም ይመለሳሉ። ከውጭ ለሚያየው ወደብ የሌለበት ቀን የዕረፍት ቀን ይመስለዋል፤ ለክፍል አጽጂ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። መርከቡ ወደብ ላይ ሲቆም መንገደኛው ከቁርስ በኋላ ለጉብኝት ስለሚወርድ ክፍሉን ባዶውን አግኝታችሁ ቶሎ ታጸዱታላችሁ፤ በውቅያኖስ መሐል ግን አንዱ እስከ ረፋድ ይተኛል፣ ሌላው በረንዳው ላይ መጽሐፍ ይዞ ይቀመጣል፣ ሌላው ደግሞ «አትረብሹኝ» የሚል ምልክት በሩ ላይ ሰቅሎ ይውላል፤ እናንተም ጋሪያችሁን እየገፋችሁ በአንዱ ኮሪደር ስትመላለሱ ትውላላችሁ። ወጥ ቤቱና ላውንደሪውም ከዚያ አያንስም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያደክመው ግን የሰዓቱ ጉዳይ ነው። በየ15 ዲግሪ ኬንትሮሱ የአንድ ሰዓት ልዩነት ስላለ፣ ከኒው ዮርክ ወደ ሳውዝሃምፕተን የሚሄድ መርከብ በመንገዱ ላይ ሰዓቱን አምስት ጊዜ ወደ ፊት ይገፋል፤ በእነዚህ ዕለታት ቀኑ 23 ሰዓት ብቻ ይሆናል፣ የጎደለውም ሰዓት ብዙውን ጊዜ የሚቆረጠው ከእንቅልፋችሁ እንጂ ከሥራችሁ አይደለም። ወደ ምዕራብ ሲኬድ ደግሞ ቀኑ 25 ሰዓት ይሆንና ይካሳል። የሠራተኞች ክፍል አብዛኛውን ጊዜ በታችኛው ወለል ላይ የሚገኝ፣ መስኮት የሌለው፣ ተደራራቢ አልጋ ያለበት ጠባብ ክፍል በመሆኑ የአልጋችሁን መጋረጃ ስትዘጉ ቀንና ሌሊቱ አይለይም። ስለዚህ ሰዓት በሚገፋበት ምሽት ወደ ሠራተኞች ቡና ቤት ሳትወርዱ በቀጥታ ተኙ። ዓለም አቀፉ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በ7 ቀን ውስጥ ደግሞ ቢያንስ 77 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጣችሁ ያዛል። የዕረፍት መመዝገቢያ ቅጽ ላይ ያላረፋችሁትን ሰዓት አርፈናል ብላችሁ አትፈርሙ፤ አለቃችሁ ቢያኮርፍም ትችሉታላችሁ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ መንገድ ቁልቁል ሲወርድ የሚያዞረው ልጅ የባሕር ሕመም መፍራቱ አይቀርም። መርከብ የሚወዛወዘው በላይኛው ወለልና በጫፎቹ ላይ በርትቶ ሲሆን በመሐልና በታች ግን ይቀንሳል፤ በዚህ ብቻ ሠራተኛው ውድ ክፍል ከተከራየው መንገደኛ ይሻላል። ከማዕበሉ ይልቅ የምትጠነቀቁለት ኖሮቫይረስ የሚባለው ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣ ተላላፊ ቫይረስ ነው፤ በሽተኛን የሚያወርዱበት ወደብ በሌለበት ባሕር ላይ ቶሎ ይዛመታል፣ የአልኮል ጄልም እንደሚገባ አያጠፋውም። እጃችሁን በሳሙናና በውኃ ታጠቡ።

የአደጋ ልምምድ ደግሞ አሰልቺ ነው ብላችሁ አትለፉት። ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለው መርከብ እ.ኤ.አ. በጥር 2012 በጣሊያን ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከዐለት ጋር ተጋጭቶ 32 ሰዎች ሲሞቱ፣ በዚያው ቀን የተሳፈሩት ብዙ መንገደኞች ገና ልምምዱን አላደረጉም ነበር። ከዚያ በኋላ ልምምዱ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም ወዲያው እንደተነሣ እንዲደረግ ተደነገገ። ሰባት አጭርና አንድ ረጅም የደወል ድምፅ ስትሰሙ ወዴት እንደምትሄዱ፣ የትኛውን የመንገደኛ ቡድን እንደምትመሩ በእንቅልፍ ልባችሁም ማወቅ አለባችሁ።

የወሎ ልጅ ስለ ጾሙ መጠየቁ አይቀርም። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው፣ ሕንዳውያን ባልደረቦች በሚበዙበት መርከብ ምስር አያጣም፤ ወጡ የእናታችሁ አይደለም፣ ግን ያጠግባል። ረመዳን የሚጾም ደግሞ የማፍጠሪያውን ሰዓት ከደሴ ሰዓት ሳይሆን መርከቡ ካለበት ቦታ የፀሐይ መጥለቂያ ይውሰድ፤ ሰዓቱ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ ለመንገደኞች ከሚታደለው የዕለት ፕሮግራም ላይ ማየት ይበጃል። ቂብላውም ከመርከቡ አቅጣጫ ጋር ይዞራልና በኮምፓስ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ስለ ቤተሰብ አንድ ነገር ልጨምር። በአትላንቲክ መሐል ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ሥራ ጨርሳችሁ ስትወጡ ደሴ ላይ ከሌሊቱ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል፤ በዚያን ሰዓት ብትደውሉ እናታችሁን አስደንግጣችሁ ትቀሰቅሷታላችሁ። የሳተላይት ኢንተርኔት ቢኖርም ሊቆራረጥ ይችላል። ስለዚህ ከመነሻው ወደብ ላይ ሆናችሁ መርከቡ የሚደርስበትን ቀን ለቤት ሰው ንገሩ፣ በቀን ዕረፍታችሁም ደውሉ፤ ስልካችሁ ለአንድ ሳምንት ቢዘጋ እንኳ ጎረቤት ተሰብስቦ እንዳይጨነቅ።