መኪናው ቀርቶ አስፋልቱን ጠይቅ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ አየሁት። ጁን ላይ ከባለቤትህ ጋር ከፍራንክፈርት መጥታችሁ አምስት ቀን ፈረንሳይ ገጠር ውስጥ ብስክሌት መንዳት ትፈልጋላችሁ። ሁለታችሁም ያላችሁ ኮርስ ብስክሌት ነው። ባለቤትህን አምና መኪና ገጭቷት ስለነበር ከመኪና ጋር መጋፋት አትፈልግም። «መኪና የሌለበት መንገድ የት አለ?» ብለሃል። ቱሉዝ መኖር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ ቅዳሜና እሑዴ የሚያልፈው በብስክሌት ላይ ነው። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

መኪና የሌለበት መንገድ እዚህ አገር ሞልቷል። ዋናው ጥያቄ ከጎማህ ሥር ምን አለ የሚለው ነው። አንዱ እንደ ጠረጴዛ የለሰለሰ አስፋልት ነው። ሌላው ጠጠር ወይም ፒስታ ነው። ካርታ ላይ ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት መስመር ሆነው ይታያሉ። ስሙም ያሳስታል። «ቯ ቬርት» የሚል ምልክት ካየህ ሞተር ያለው ነገር አይገባበትም፤ ለእግረኛና ለብስክሌት፣ አንዳንዴም ለፈረስ የተተወ ነው። «ቬሎሩት» የሚባለው ደግሞ ረጅም የብስክሌት መስመር ሲሆን ከፊሉ ቯ ቬርት፣ ከፊሉ መኪና የሚያልፍበት ትንሽ መንገድ ነው። ሎዋር ወንዝን ተከትሎ የሚሄደው 900 ኪ.ሜ. ገደማ የሆነው ዝነኛ መስመር እንዲህ የተቀላቀለ ነው። ቆንጆ ነው፤ ለባለቤትህ ግን መጀመሪያ የምመርጠው እሱን አይደለም።

እኔ ይህን የተማርኩት ቱሉዝ በመጣሁ በመጀመሪያው በጋ ነው። ሁሉም ሰው ስለ ካናል ዱ ሚዲ ሲያወራ እሰማ ነበር። ከቱሉዝ እስከ ሜዲትራኒያን 240 ኪ.ሜ. የሚሄድ፣ ዩኔስኮ በ1996 የመዘገበው ቦይ ነው። በ25 ሚሊሜትር ጎማ ጠዋት ተነሳሁ። የመጀመሪያው 50 ኪ.ሜ. አስፋልት ስለሆነ በደስታ ነዳሁ። ከዚያ አስፋልቱ አለቀ። መንገዱ አፈር ሆነ፤ የፕላታን ዛፎቹ ሥር እንደ ደረጃ መሬቱን ሰንጥቆ ወጥቷል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜ ጎማዬ ተነፈሰ። የያዝኩት ከመነዳሪ አንድ ብቻ ስለነበር ብስክሌቴን እየገፋሁ ካስቴልኖዳሪ ባቡር ጣቢያ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ያንን ክፍል ለቀጭን ጎማ ዛሬም አልመክረውም።

እናንተ ከዚያው ከቱሉዝ በተቃራኒው አቅጣጫ ውጡ። ካናል ደ ጋሮን ይባላል። ሥራው በ1856 ያለቀ፣ ከቱሉዝ እስከ ካስቴ አን ዶርት 193 ኪ.ሜ. የሚረዝም ቦይ ነው። በፊት ጀልባ ይጎተትበት የነበረው የዳር መንገድ አሁን አስፋልት ለብሶ ቯ ቬርት ሆኗል። ሜዳ ነው። ዳገት ብትል የውሃ በሮቹ ጋ፣ ማለትም ጀልባን ከአንድ የውሃ ከፍታ ወደ ሌላው የሚያሻግሩት መዝጊያዎች ጋ፣ ስትደርስ የምታገኛት ትንሽ ከፍታ ናት፤ እናንተ ደግሞ የምትሄዱት ወደ ታች ነው። ግራና ቀኝ ዛፍ ስለሆነ በሐሩር ጊዜም ጥላ አለ። አንዳንድ ቦታ ሥሩ አስፋልቱን ቀስ ብሎ ያነሳዋል፤ ጥላው ውስጥ ስለማይታይ እጃችሁን ከፍሬኑ አታርቁ።

ሞንቴሽ ላይ ቁሙ። በ1974 የተሠራ ልዩ ነገር አለ። ሁለት ባለ ጎማ ሎኮሞቲቮች ግራና ቀኝ ሆነው ጀልባውን ከነተንሳፈፈበት ውሃ ዳገት ይገፉት ነበር። አምስት የውሃ በሮችን በአንዴ ያስዘልል ነበር። ሥራ ካቆመ ቆይቷል፤ ማሽኖቹ ግን ቆመው ይታያሉ። ከዚያ 64ኛው ኪሎሜትር አካባቢ ሟሳክ ትደርሳላችሁ። የመጀመሪያውን ሌሊት እዚያ እደሩ። የገዳሙ ባለ ዓምድ አደባባይ በ1100 ያለቀ ነው። እያንዳንዱ ዓምድ አናት ላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ተቀርጿል፤ ለእኛ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች ብዙውን ለመለየት አስጎብኚ አያስፈልገንም። ዳንኤልን ከአንበሶቹ ጋር ስታገኘው ደስ ይልሃል።

አዣን ደግሞ 107ኛው ኪሎሜትር ላይ ነው። እዚያ ቦዩ ራሱ በድልድይ ላይ ሆኖ ጋሮን ወንዝን ይሻገራል። 539 ሜትር ርዝመት፣ 23 ቅስት ያለው የድንጋይ ድልድይ ነው። እናንተ ከውሃው ዳር ትነዳላችሁ። በአንድ በኩል ጀልባ ከጎናችሁ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ በሌላው በኩል ወደ ታች ብታዩ ወንዙ ይፈስሳል። ውሃ ከውሃ በላይ። ብዙ ጊዜ አልፌበታለሁ፤ ሁሌም መሀሉ ላይ ወርጄ እቆማለሁ።

የዚህ መስመር ትልቁ ጥቅም ግን ባቡሩ ነው። የቦርዶና የቱሉዝ ባቡር ከቦዩ ብዙ ሳይርቅ ነው የሚሄደው። ሟሳክ፣ አዣን፣ ማርማንድ፣ ላ ሬዮል ጣቢያ አላቸው። ባለቤትህ ከደከማት ወይም ዝናብ ከመጣ የክልሉን ባቡር፣ ቴኧር የሚሉትን፣ ይዛችሁ መዝለል ነው። ነፋሱን ግን ጠዋት ጠዋት እዩ። ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው ኦታን የሚሉት ነፋስ ከሆነ ከኋላ ይገፋችኋል። ከምዕራብ፣ ከውቅያኖሱ በኩል ከሆነ ፊት ለፊት ነውና የቀኑን ኪሎሜትር ቀንሱ።

ላ ሬዮል አካባቢ ቦዩን ትታችሁ እስከ ሶቭቴር ደ ጉየን ትንሽ ኮረብታማ መንገድ አለ። መኪና ያልፍበታል፤ ጥቂት ነው፤ ለባለቤትህ አስቀድመህ ንገራት። ከሶቭቴር በኋላ ሮዤ ላፔቢ የሚባለው የብስክሌት መንገድ ይጀምራል። በ1937 ቱር ደ ፍራንስን ባሸነፈው ሰው ስም የተሰየመ ነው። አሮጌ የባቡር ሐዲድ ተነስቶ አስፋልት የፈሰሰበት፣ ከ50 ኪ.ሜ. በላይ በወይን እርሻ መሀል እየተጠማዘዘ ወደ ቦርዶ ጠርዝ የሚያደርስ ነው። የቀድሞ ጣቢያዎቹ አሁንም ዳር ዳሩን ቆመዋል። አምስት ቀናችሁ በዚህ በደንብ ይሞላል።

ቱሉዝ ከራቀባችሁ በምሥራቅ ፈረንሳይ ያለውን የቡርጎኝን ክልል አስቡ። ለጀርመንም ይቀርባል። ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ 44 ኪ.ሜ. የሚሄደው በ1997 የተከፈተ የፈረንሳይ የመጀመሪያው ቯ ቬርት ነው። እሱም የባቡር ሐዲድ ነበረ፤ አስፋልት ነው። ከክሉኒ ወደ ማኮን ስትቀጥሉ ቧ ክሌር የሚባል 1.6 ኪ.ሜ. ዋሻ አለ። በአውሮፓ የብርድ ወራት ለሌሊት ወፎቹ ሲባል ይዘጋል፤ ጁን ላይ ክፍት ነው። ውስጡ ይቀዘቅዛል፣ ጃኬት ያዙ። ለሁለት ወይ ለሦስት ቀን ግሩም ነው። ለአምስት ቀን ያጥራል።

ባለቤትህ ድፍረቷ ሲመለስ ደግሞ ነጮቹን መንገዶች አሳያት። የሚሽለን ካርታ ላይ ትልልቆቹ ቀይ፣ መካከለኞቹ ቢጫ፣ ትንንሾቹ ነጭ ናቸው። ነጩ ላይ አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት መኪና አታይም። የኛው ጎረቤት፣ ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ፣ በ2024 ቱር ደ ፍራንስ 12ኛውን ቀን ያሸነፈው ቪልነቭ ሱር ሎት ላይ ነው፤ ከአዣን ወደ ሰሜን 30 ኪ.ሜ. ቢሆን ነው። ያን ቀን ከአዣን ተነስቼ በነጭ መንገድ ብቻ ሄድኩ። ወደ ከተማው እስክጠጋ ያለፈኝ አንድ ትራክተርና ሁለት መኪና ነው። መድረሻው ላይ ባንዲራ የያዙ ልጆች ጋር አብሬ ጮኬ ድምፄ ተዘጋ።

ስለ ምግብና ውሃ በአጭሩ። ገጠር ውስጥ ከ12 እስከ 2 ሰዓት በነሱ አቆጣጠር ሱቅ ይዘጋል፤ እሑድ ከሰዓትና ሰኞም ብዙው ዝግ ነው። ዳቦ ጠዋት ግዙ። ውሃ ካለቀባችሁ የመንደሩን መቃብር ፈልጉ፤ ለአበባ ማጠጫ ቧንቧ አይጠፋውም። «ኖን ፖታብል» የሚል ከተጻፈበት ግን አትጠጡ። ደወል በብስክሌታችሁ ላይ ይኑር። ሕጉም ይጠይቃል፤ ቯ ቬርት ላይ ደግሞ ሕፃናት ባለ ሦስት ጎማ ይዘው መሀል መንገድ ላይ ይጫወታሉ። ቱሉዝ አጠገብ እሑድ ከሰዓት በጣም ስለሚጨናነቅ ጉዟችሁን በሌላ ቀን ጀምሩ።

ቴዤቬ በሚሉት ፈጣን ባቡር ላይ የብስክሌት ቦታ ጥቂት ስለሆነ ቀኑን እንደቆረጣችሁ ወዲያው ቲኬት ያዙ። ብስክሌታችሁ 28 ሚሊሜትር ጎማ የሚያስገባ ከሆነ ቀይሩት፤ ለእያንዳንዳችሁ ሁለት ሁለት ከመነዳሪ ያዙ። ቀናችሁ ቅዳሜን ከነካ ጻፍልኝ፤ ቱሉዝ ባቡር ጣቢያ ተቀብያችሁ እስከ ሞንቴሽ አብሬያችሁ እነዳለሁ።