ገዳይን ለሟች ወገን አሳልፎ ከመስጠት እስከ ማረሚያ ቤት ግቢ

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ በደሴ ከተማ ሆጤ አካባቢ ነው። ተንታ ተወልደው ያደጉት አያቴ፣ በቀድሞው ዘመን ነፍሰ ገዳይ ለሟች ዘመዶች ተላልፎ ይሰጥ እንደነበር ይነግሩናል። መቅደላ ላይ ሰው ከነሕይወቱ ወደ ገደል ይወረወር እንደነበርም ከአባታቸው የሰሙትን ያጫውቱናል። ይህ ምን ያህል እውነት ነው? የሞት ቅጣት ማስፈጸሚያውስ በየዘመኑ ለምን ተለዋወጠ? አፄ ምኒልክ የኤሌክትሪክ ወንበር አስመጥተው ነበር የሚባለውንና ዛሬ በአገራችን ቅጣቱ በምን እንደሚፈጸም ጨምራችሁ ብታስረዱኝ።

መልስ፦ አያትዎ የነገሩዎት ሁለቱም እውነት ነው። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ፍርድ፣ ሁለተኛው በቀል ስለሆነ ለየብቻ ብናያቸው ይሻላል።

በነገሥታቱ ዘመን ነፍስ ያጠፋ ሰው ተከሶ ጥፋቱ ሲረጋገጥበት፣ ሞት ቢፈረድበትም ፍርዱን የሚፈጽሙት በአመዛኙ የሟች ዘመዶች ነበሩ። ደመኞቹ የደም ዋጋ ተቀብለው ሊምሩት ይችላሉ፤ እንቢ ካሉ ደግሞ ገዳዩ ሟችን በገደለበት ዓይነት መሣሪያ ይገድሉታል። በጦር የገደለ በጦር፣ በጠመንጃ የገደለ በጠመንጃ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ግን ዳኛውም ካህናቱም ገንዘቡን ተቀበሉ እያሉ መለመናቸው የተለመደ ነበር። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ በኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ለነፍሰ ገዳይ ሞትን ይደነግጋል። በእስልምናም ቂሳስ የሟች ወገን ደሙን የመጠየቅ መብት ሲሆን፣ ዲያ ደግሞ ካሳ ተቀብሎ ይቅር የሚባልበት መንገድ ነው። ሁለቱ ሃይማኖቶች በአንድ መንደር፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤት በሚኖሩበት በወሎ፣ የአገሩ ልማድም የእስልምናውም ሕግ የምሕረትን በር ለሟች ቤተሰብ መተዋቸው አገሬውን ሳያስማማው አልቀረም ብዬ አምናለሁ። አበጋር የሚባሉት ሽማግሌዎች ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም ተቀምጠው ደም የሚያደርቁት በዚሁ መሠረት ላይ ነው።

በልጅነቴ ሐይቅ አካባቢ አንድ የደም ማድረቅ ሥርዓት ላይ ተገኝቼ ነበር። የገዳዩ ወንድም በባዶ እግሩ መጥቶ፣ ትልቅ ድንጋይ በማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ በሟች ቤተሰብ ፊት ተንበረከከ። ከሟች ወገን አንድ አዛውንት ተነሥተው ድንጋዩን እስኪያወርዱለት ድረስ ከተሰበሰበው ሰው አንድም ቃል የተነፈሰ አልነበረም። አዛውንቱ ለመነሣት ጊዜ ወስደዋል፤ የልጁም ጉልበት ሲንቀጠቀጥ ይታይ ነበር።

የመቅደላው ነገር ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ እስር አምልጠው ወደ ወሎዋ ገዥ ወደ ወይዘሮ ወርቂት ሲደርሱና እርሷም ተቀብላ ስታሳልፋቸው፣ አፄ ቴዎድሮስ በእጃቸው የነበረውን ልጇን አማደን ከሌሎች የወሎ መኳንንት ጋር በጭካኔ አስገድለው ወደ ገደል አስወረወሯቸው። በ1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከመሞታቸው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎም፣ የእንግሊዝ ጦር ተራራው ሥር በደረሰ ጊዜ፣ በርካታ እስረኞች በዚያው ገደል አልቀዋል። በዚህ ውስጥ ክስም፣ ችሎትም፣ የይግባኝ አቤቱታም አልነበረም። ቴዎድሮስን ከልቤ የማደንቅ ብሆንም ይህን የፍትሕ ታሪክ አካል አድርጎ መቁጠር ይከብደኛል። በተመሳሳይ ምክንያት፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያለ ፍርድ በጥይት የረሸናቸውን ስድሳዎቹን የሞት ቅጣት ተፈጸመባቸው ማለት ስህተት ነው። የደሴው ጳጳስ አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ሲገደሉ ግን ጣሊያኖች ነገሩን የፍርድ መልክ ሊያስይዙት ሞክረዋል፤ ምንም እንኳ ወራሪ በባለአገሩ ላይ የሚሰጠው ፍርድ ምን ያህል ፍርድ ይባላል የሚለው ለአንባቢ የሚተው ቢሆንም።

ዘዴው ለምን ተለዋወጠ ለሚለው ጥያቄዎ የተለመደው መልስ ሥቃይን ለመቀነስ ነው የሚል ነው። እውነትነት አለው፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። ሌላው ግማሽ፣ እንደ እኔ ግምት፣ የሚገድለውን እጅ ከዓይን የማራቅ ፍላጎት ነው። በአውሮፓ የዘዴዎቹን ባለቤቶች ስንመለከት የምናገኛቸው በአብዛኛው ሰላማዊ የእጅ ባለሙያዎችን መሆኑ ይገርማል። በፈረንሳይ ጊሎቲን የተባለውን የአንገት መቁረጫ የሠራው ቶቢያስ ሽሚት የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ ነበር። ሐሳቡን በ1789 እ.ኤ.አ. ለምክር ቤት ያቀረበው ዶክተር ጊዮታን ደግሞ ሐኪም ነበር። መሣሪያው በሚያዝያ 1792 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ ሲውል፣ ለማየት የመጣው ሕዝብ ነገሩ በቅጽበት በማለቁ ቅር ብሎት እንደተመለሰ ተጽፏል። ይኸው መሣሪያ እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ድረስ ማገልገሉን ብዙ ሰው አያውቅም።

ስቅላትም የራሱ ሙያ አለው። በጥንቱ አሰቃቀል ሰውዬው ከጋሪ ወይም ከመሰላል ላይ ይገፋና ገመዱ ቀስ በቀስ አንቆ ይገድለዋል፤ ይህም ብዙ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። በ1872 እ.ኤ.አ. ዊልያም ማርውድ የተባለ እንግሊዛዊ ጫማ ሠሪ የገመዱን ርዝመት ከሰውዬው ክብደት ጋር ማመጣጠን ጀመረ። ከባድ ሰው አጭር፣ ቀላል ሰው ረጅም ገመድ ይሰጠዋል፤ ቋጠሮው በግራ መንጋጋ ሥር ይደረጋል፤ ወለሉ ሲከፈት የሰውዬው አካል ወርዶ ሲቆም አንገቱ በአንድ ጊዜ ይሰበራል። ስሌቱ ከተሳሳተ ግን ገመዱ ወይ ሳይሰብር ያንቀዋል፣ ወይ ደግሞ አንገት ይበጥሳል። በአገራችን በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም.፣ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይም መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተሰቀሉት በአደባባይ ነበር። የአደባባይ ስቅላት ዓላማው ማስፈራራት ነው፤ ለዚህም ነው ሬሳው ሳይወርድ ለረጅም ሰዓት ለዕይታ የሚቆየው።

ወደ ኤሌክትሪክ ወንበሩ ስንመጣ፣ ሐሳቡን ያፈለቀው አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የሞተበት ዊልያም ኬምለር ነው፤ ጊዜው ነሐሴ 1890 እ.ኤ.አ.፣ ቦታው በኒው ዮርክ የኦበርን ወህኒ ቤት። የመጀመሪያው የኃይል ፍሰት ለ17 ሰከንድ ያህል ከቆየ በኋላ ሞቷል ተብሎ ሲቋረጥ ሰውዬው ሲተነፍስ በመገኘቱ እንደገና መልቀቅ ግድ ሆኗል። አፄ ምኒልክ ወንበሮቹን አስመጥተው፣ መብራት ባለመኖሩ አንዱን ዙፋን አደረጉት የሚለው ተረት ግን በዘመኑ ሰነድ የተደገፈ አይደለም። ለሥልጣኔ የነበራቸውን ጉጉት ለማሾፍ ከውጭ ተሰፍቶ የመጣ ካባ ነው፤ እኛም ሳንመረምር ለብሰነዋል። ገዳይ መርፌ በቴክሳስ በ1982 እ.ኤ.አ.፣ ናይትሮጅን ጋዝ ደግሞ በአላባማ በ2024 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ውለዋል። በጥይት በሚረሸንበት ቦታ ለአንዱ ተኳሽ ሳያውቅ ባዶ ጥይት የማጉረስ ልማድም አለ፤ እያንዳንዱ ተኳሽ ምናልባት የገደልኩት እኔ አይደለሁም ብሎ እንዲያድር ነው። ያያትዎ ዘመን የሟች ወንድም ይህን መሸሸጊያ አልነበረውም፤ ጦሩን የሚሰብቀውም፣ ደሙን የሚያየውም እርሱ ነበር።

ዛሬ በአገራችን የሞት ቅጣት በሕግ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 15 የሰው ሕይወት የሚነካው በሕግ በተወሰነ ከባድ ወንጀል ቅጣት ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 117፣ ወንጀሉን በፈጸመበት ጊዜ 18 ዓመት ባልሞላው ሰው ላይ ሞት እንዳይፈረድ፣ ፍርዱም ርዕሰ ብሔሩ ሳያጸድቀው እንዳይፈጸም ያዝዛል። ነፍሰ ጡር ሴት በሕይወት የወለደችውን ልጅ ማጥባት ካለባት ቅጣቷ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ይለወጣል። በተግባርም ፍርዱ እምብዛም አይፈጸም፤ የደኅንነት ኃላፊውን ክንፈ ገብረ መድኅንን በመግደል የተፈረደበት ሻለቃ ፀሐይ ወልደ ሥላሴ ሐምሌ 30 ቀን 1999 ዓ.ም. ከተገደለ ወዲህ የተሰማ አፈጻጸም የለም። በ23 የደርግ ባለሥልጣናት ላይ የተወሰነው ሞትም በ2003 ዓ.ም. ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለውጧል።

በምን ይፈጸማል ለሚለው የመጨረሻ ጥያቄዎ፣ ይኸው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 117 በአደባባይ መስቀልንና ማንኛውንም ኢሰብዓዊ ዘዴ ከልክሎ፣ ገመድም ጥይትም መርፌም ሳይል፣ ሰብዓዊ የሆነውን መንገድ ፍርደኛው የሚገኝበት ማረሚያ ቤት የበላይ ኃላፊዎች እንዲወስኑ ትቶታል።