ተያዥህን ሳትጨርስ መኪና አትጠይቅ

ወንድሜ፣ እንኳን ለቤትህ አበቃህ። በጭነት መኪና አደጋ ሰው ሞቶ ተፈርዶብህ፣ በአመክሮ ወጥተህ፣ ጎንደር ላይ መኪና የሚሰጥህ አጥተህ «ሪከርድ ያለበትን ሾፌር ማን ይቀጥራል?» ብለህ ጠይቀሃል። የሚቀጥር አለ። እዚህ አገር ብዙውን ሾፌር ከበር የሚመልሰው ፍርዱ ብቻ አይደለም። ባለንብረቱ ነገሩን ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማው፣ ተያዥም ሲጠፋ ነው በሩ የሚዘጋው። ሁለቱም ደግሞ አስቀድሞ የሚስተካከል ነገር ነው።

መጀመሪያ የፍርዱን ግልባጭ ከፈረደብህ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት አውጣ። ስንተኛው አንቀጽ እንደሆነ፣ እስራቱ ቀላል ይሁን ጽኑ፣ መንጃ ፈቃድህን የሚያግድ ትእዛዝ ይኑርበት አይኑርበት ለይተህ እወቅ። በቸልተኝነት መግደል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ነው የሚታየው፤ ግልጽ ደንብ ተጥሶ ወይም ከአንድ ሰው በላይ ሞቶ ከሆነ ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ ወድቆ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ባለንብረቶች አንቀጹን በቁጥር ባያውቁትም ልዩነቱን ያውቁታል፤ መጀመሪያ የሚጠይቁህ «ጠጥተህ ነበር ወይ? ፍጥነት ነበር ወይ?» ብለው ነው። ግልባጩ በእጅህ ካለ ክርክሩ እዚያው ያልቃል። መንጃ ፈቃድህ እስር ቤት እያለህ ጊዜው አልፎ ከሆነ ደግሞ እድሳቱን ከሥራ ፍለጋው አስቀድም። የዓይንና የጤና ምርመራ ስላለበት «ነገ ተነስ» ስትባል የሚደርስ አይደለም።

ቀጥሎ እርቅ። ይህን ማንም የቅጥር መስፈርት ብሎ አይጽፍልህም፣ ግን በእኛ አካባቢ ትልቁ ነገር እሱ ነው። አደጋው የደረሰው በአይከል መስመር ከሆነና ከሟች ቤተሰብ ጋር በሽማግሌ ካልታረቅህ፣ ባለንብረቱ መኪናውን አምኖ ወደዚያ አይልክህም፤ የሚፈራው ለአንተም ለመኪናውም ነው። ሽምግልናው አልቆ ከሆነ በጽሑፍ ይሁን፦ የሽማግሌዎቹ ስም፣ የተከፈለው ካሳ በአኃዝና በፊደል፣ የሁለቱም ወገን ፊርማ፣ ቀን። የካሳውን ደረሰኝ አትጣለው፣ ኋላም ፍርድ ቤት ትፈልገዋለህ።

አሁን ወደ ተያዡ። ሲኖትራክም ሆነ ተሳቢ የሚሰጥ ሰው ደመወዝተኛ ወይም ቤትና ንብረት ያለው ዋስ ይጠይቃል። ዘመድ ሁሉ የሚሸሸው ከዚህ ነው፤ «መኪናው ቢገለበጥ ቤቴን ይወስዱታል» ብሎ ያስባል። ፍርሃቱ የሚረግበው ውሉ በትክክል ሲጻፍ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ያልተጻፈበት የዋስትና ውል ዋጋ የለውም። ስለዚህ «ለሚያጠፋው ሁሉ ኃላፊ ነኝ» ብሎ ማስፈረም ለዋሱም ለባለንብረቱም አይበጅም። ይልቅ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ «ሾፌሩ ለሚያጎድለው ጭነት፣ ነዳጅና የመኪና ዕቃ እስከ ብር ይህን ያህል ድረስ ዋስ ነኝ፤ ዋስትናው ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይጸናል።» አንድ ዋስ መጠኑ ከከበደው ለሁለት ተካፍለው እያንዳንዱ የራሱን ጣሪያ ይፈርም። ባዶ ወረቀት ላይ አንተም ዋስህም እንዳትፈርሙ፤ ጣሪያ ያለው ውል ይዘህ ስትቀርብ እምቢ ይል የነበረ አጎት እሺ ሲል ታያለህ።

የት ትጠይቅ? ከወንጀል ነጻ የሚል ማስረጃ ከሚጠይቁት አትጀምር። የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ባንክና የእርዳታ ድርጅት አሻራ ስጥ ይሉሃል፤ እነሱን ለኋላ አቆያቸው። አንድ ወይም ሁለት መኪና ያለውን ባለንብረት ፈልግ። የሚገኘው በማስታወቂያ ሳይሆን አዘዞ ጋራዥና ጎሚስታ ቤት፣ ጭነት ተራ፣ እህል መጋዘን ነው። ሜካኒኮች የትኛው መኪና ሾፌር አጥቶ እንደቆመ ከደላላው ቀድመው ያውቃሉ። ከኅዳር ጀምሮ የመተማና የሁመራ ሰሊጥ ሲነሳ ሾፌር ይፈለጋል፤ የመንገዱን ጸጥታ ግን ዕለት በዕለት ጠይቅ። ለመጀመሪያው ዓመት የምመክርህ ገልባጭ ወይም የውሃ ቦቴ ነው። ከከተማ ብዙ ስለማይርቅ ባለቤቱ ማታ ማታ መኪናውን ያየዋል፣ እምነትም የሚገነባው በዚህ ነው። ለረጅም መስመር ሁለተኛ ሾፌር ሆኖ መግባትም መልካም ነው። ልምድ ያለህ ሰው ሆነህ ረዳት ሁን ቢሉህ ግን የሚቆየው ለስንት ወር እንደሆነ አስቀድመህ ተነጋገር፤ አለዚያ እዚያው ትቀራለህ።

ስታነጋግረው አታድበስብስ፣ ዝርዝርም አታብዛ። ሰላምታው እንዳበቃ «ጋሼ፣ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት። በእንዲህ ያለ ዓመት በአደጋ ሰው ሞቶብኝ ተፈርዶብኛል፣ በአመክሮ ወጥቻለሁ፣ ታርቄያለሁ፣ ወረቀቱ ይኸው፣ ዋሶቼም እነዚህ ናቸው» በለውና ዝም በል። ይህን መደበቅ ለእሱም አደጋ ነው። የኢንሹራንስ ቅጽ ስለ ሾፌሩ ያለፈ አደጋ ሊጠይቅ ይችላል፤ «የለም» ተብሎ ከተሞላ አንድ ቀን ግጭት ሲደርስ ኢንሹራንሱ አልከፍልም ለማለት ምክንያት ያገኛል። ይህን ነጥብ ራስህ ብታነሳለት ሙያህን እንደምታውቅ ይገባዋል። ንጹሕ ወረቀት በገንዘብ አወጣልሃለሁ የሚል ደላላ ከመጣ ሽሸው፤ ሐሰተኛ ሰነድ ሌላ የወንጀል ክስ ነው።

ከተቀጠርክ በኋላ ሁለተኛ ክስ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በሦስት በኩል ነው። አንዱ ኮንትሮባንድ ነው። ታስሮ የወጣ ሾፌር አማራጭ የለውም ብለው በተለይ በመተማ መስመር ከልክ ያለፈ አበል የሚያቀርቡ አሉ። ከመነሳትህ በፊት ከወንበር ኋላ፣ የመፍቻ ሣጥኑን፣ የተጠባባቂ ጎማውን ቦታና ከሸራው ሥር ራስህ ፈትሽ፤ ረዳቱ የጫነውን «አላውቅም» ማለት ኬላ ላይ አያድንም። ሁለተኛው የጭነት ጉድለት ነው፤ እምነት ማጉደል የሚባለው ክስ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጆንያው ሲጫን ቁመህ ቁጠር፣ የተቀደደና የረጠበ ካለ ሰነዱ ላይ አስጽፍ፣ ሚዛን ካለ የሚዛኑን ወረቀት ያዝ፣ ስታራግፍ የተረካቢውን ስምና ፊርማ ሳትቀበል አትንቀሳቀስ። ሦስተኛው ናፍታ ነው። ታንከሩን ጢም አድርገህ ተነስ፣ ስትመለስ መልሰህ ጢም አድርግ፣ የገባውን ሊትርና የኪሎ ሜትሩን ንባብ በደብተር ጽፈህ አስፈርም። እንዲህ ሲሆን ስንት ሊትር እንደበላ በግምት አትጨቃጨቁም።

ቅጥሩ በቃል ከሆነም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት በ15 ቀን ውስጥ የሥራ ሁኔታህን የሚገልጽ ደብዳቤ ሊሰጥህ ይገባል። ስትለቅም የሥራ ልምድ ወረቀት በነጻ ይጻፍልሃል። እነዚህን ሰብስብ።

የሚያስፈልጉህ ለመሰየም፣ ማለትም ፍርዱን ለማሰረዝ ነው። የወንጀል ሕጉ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ ፍርደኛ ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። እስራትህ ጽኑ ከነበረ 5 ዓመት፣ ከዚያ በታች ከነበረ 2 ዓመት መጠበቅ አለብህ፤ በአመክሮ የወጣ ሰው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። በመካከሉ አዲስ የእስራት ፍርድ እንዳይኖርብህ፣ ካሳውን በአቅምህ እንድትከፍል፣ ጠባይህም መልካም እንዲሆን ይጠይቃል። ይህ ሲፈቀድልህ ፍርዱ እንዳልነበረ ይቆጠራል፣ ያን ጊዜ የድርጅቶቹም በር ይከፈትልሃል። ማመልከቻው የሚቀርበው ለፈረደብህ ፍርድ ቤት ነው፤ የካሳውን ደረሰኝ፣ የእርቁን ሰነድና የሥራ ልምዱን ታያይዛለህ። ለጠበቃ የሚከፈል ከሌለህ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ስለሚሰጥ፣ የፍርዱን ግልባጭ ይዘህ ሂድና ቀኑን ከእነሱ ጋር አብራችሁ ቁጠሩ።