ዓሣ አጥማጅ ምን ታሪክ አለው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ የሐይቅ ከተማ ልጅ ነኝ፤ 12ኛ ክፍል ነኝ። አጫጭር ልቦለድ በደብተር እጽፋለሁ። እስካሁን ለማንም አላሳየሁም። ከአፍሪካ ደራሲዎች የማውቀው በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ስማቸው የተጠቀሰውን ሁለት ሦስት ሰዎች ነው። እነሱም ወይ አርጅተዋል ወይ ሞተዋል። አሁን የሚጽፉ አዳዲሶች የሉም? ካሉስ ሐሳቡን ከየት ያመጡታል? እኛ ከተማ የሚጻፍ ነገር የለም። ያለው ሐይቁና ዓሣ አጥማጆቹ ናቸው። ዓሣ አጥማጅ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?

መልስ፦ ልጄ፣ የመጨረሻዋን ጥያቄሽን ሳነብ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። ናይጄሪያዊው ቺጎዚ ኦቢኦማ የመጀመሪያ ልቦለዱን ምን ብሎ እንደሰየመው ታውቂያለሽ? «ዓሣ አጥማጆቹ» ነው ያለው።

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ (ከዚህ በታችም ዓ.ም ያላልኩበት ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ደራሲው ያኔ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም። በዚያው ዓመት ቡከር ለሚባለው የእንግሊዝ ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ስድስት ዕጩዎች አንዱ ሆነ። ታሪኩ የአራት ወንድማማቾች ነው። አኩሬ በምትባል ከተማ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ወደሚከለክሉበት ወንዝ ተደብቀው ዓሣ ሊያጠምዱ ይሄዳሉ። እዚያ አንድ አእምሮው የታወከ ሰው ያገኛቸዋል። ታላቁ ወንድም በዓሣ አጥማጅ እጅ እንደሚሞት ይተነብይበታል። ከዚያ ወዲያ ጥርጣሬ ቤታቸው ገባ። በቃ፣ ቀሪውን አልነግርሽም።

ሐሳቡን ከየት አመጣው ላልሽው፣ ኦቢኦማ ያኔ ቆጵሮስ ተማሪ ነበር። አሥራ ሁለት ልጆች ያሉበት ቤት ያደገ ሰው ነውና ቤቱ ናፈቀው። አንድ ቀን አባቱ በስልክ ስለ ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቹ አጫወተው። ልጆች ሳሉ አይስማሙም ነበር፤ ካደጉ በኋላ ግን በጣም ተዋደዱ። ልጁም እንዲያ ባይዋደዱ ኖሮ ምን ሊመጣ ይችል እንደነበር ማሰብ ጀመረ። ያ ሁሉ መጽሐፍ ከአንድ የስልክ ጨዋታ ተነሣ።

አንቺ በየማለዳው ዓሣ አጥማጅ ታያለሽ። አንዱን ቀርበሽ አነጋግረሽ ታውቂያለሽ? ሌሊት ከቤት ሲወጣ ሚስቱ ምን ብላ እንደምትሸኘው ጠይቀሻል? ሐይቁ ላይ ነፋስ ሲነሣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ማንን እንደሚጠራ ሰምተሻል? እኔ ደሴ ተቀምጬ ይህን ማወቅ አልችልም። አንቺ ግን ከሰዓት በኋላ ወርደሽ መጠየቅ ትችያለሽ።

ደግሞ የሐይቁ አፈጣጠር ተረት አለ። ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ልዕልት በደለቻት። እግዚአብሔር ተቆጣና ዙሪያውን ሁሉ ውሃ አደረገው። እሷ የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ቀረች። ዛሬ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለባት ናት ይባላል። የሚገርመው፣ በዚያ ቦታ ዛሬ ሴት አትገባም። የልብ ወለድ ጸሐፊ እዚህ ላይ ቆም ማለት የለባትም?

ጄኒፈር ናንሱቡጋ ማኩምቢ የምትባል ዩጋንዳዊት አለች። ባጋንዳ የሚባሉት የአገሯ ሰዎች የመጀመሪያው ሰው ኪንቱ ነው ይላሉ፤ ይህን ተረት እዚያ አገር የማያውቅ ልጅ የለም። እሷ ያንን ስም ወሰደች። በ1750 በአንድ ቤተሰብ ላይ የወረደ እርግማን እስከ ዛሬ ልጅ ልጆች ድረስ እንዴት እንደተከተላቸው ጻፈች። የመጽሐፉም ስም «ኪንቱ» ነው። ረቂቁ በ2013 ናይሮቢ ላይ ተወዳድሮ አንደኛ ወጣ፤ በማግስቱ ዓመት ታተመ። ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ተረት ነው ብላ አልናቀችውም።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። የአዲስ አበባ ተወላጅዋን መዓዛ መንግሥቴን ሰምተሽ ይሆናል። ሁለተኛው ልቦለዷ «ጥላው ንጉሥ» በ2019 ወጥቶ በ2020 ለቡከር የመጨረሻው ዝርዝር በቃ። ስለ ጣሊያን ወረራ ነው፤ ይበልጡንም ጠመንጃ ይዘው ስለዘመቱ ሴቶች። መዓዛ ስለዚያ ጦርነት ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማ ነው ያደገችው። የሰማችው ግን የወንዶቹን ጀብዱ ነበር። መጽሐፉን ለዓመታት ስትደክምበት ቆይታ ነው ከእናቷ አንድ ነገር የሰማችው። የገዛ ቅድመ አያቷ ዘማች ነበረች! ከየቤቱ የበኩር ልጅ ይዝመት ሲባል «በኩሯ እኔ ነኝ» ብላ ተነሣች። አባቷ ጠመንጃውን ለባሏ ሰጠባት። እሷም አባቷን ዳኛ ፊት አቁማ ተሟገተች፤ ረታችና ጠመንጃዋን ይዛ ዘመተች።

ይህን ባነበብኩ ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አያቴን አሰብኩ።

አያቴ የደሴ ሰው ነበረች። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ልጅ ነበረች። ታናሽ ወንድሟን አዝላ ወደ ጦሳ ሸሸች። ቡና በተፈላ ቁጥር ታወራው ነበር። አቦሉ ላይ አትጀምርም። ቶናው አልፎ በረካው ሲደርስ፣ ጎረቤት ሲሳሳ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትጀምራለች። እኔ ያኔ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ የለንደን መንገዶችን ስም አጠናለሁ። አንድ ቀን እንኳ ቀና ብዬ «ከዚያስ?» አላልኳትም። ተራራው ላይ ስንት ሌሊት አደሩ? ምን በሉ? ወንድሟ አለቀሰ ወይስ ዝም አለ? አላውቅም። በ1981 ዓ.ም አረፈች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሥነ ጽሑፍ አስተማርኩ፤ እቤቴ የነበረውን ግን ሳልጽፈው አመለጠኝ። እስከ ዛሬ ያመኛል።

ስለዚህ ልጄ፣ አያት ካለሽ ዛሬውኑ ደብተርሽን ይዘሽ አጠገቧ ተቀመጪ። መጀመሪያ ላይ «ምን ታሪክ አለኝ ብለሽ ነው» ትልሻለች። አብሽሪ፣ በረካውን ጠብቂ።

አዳዲሶች የሉም ወይ ላልሽው ደግሞ እኔ አዲስ ደራሲ ስተዋወቅ የማደርገውን ልንገርሽ። መጽሐፉን ገልብጬ መጨረሻ ገጽ ላይ ያለውን ምስጋና አስቀድሜ አነባለሁ። እናትን፣ አያትን፣ ሠፈርን፣ አንዳንዴም ፎቶግራፍን የሚያመሰግኑት እዚያ ነው። መጽሐፉ ከየት እንደተነሣ የሚታየው እዚያ ነው። ከአጭር ልቦለድ መጀመር ከፈለግሽ ሜሮን ሀደሮን ፈልጊ። አዲስ አበባ ተወልዳ በሕፃንነቷ በጀርመን በኩል ተሰዳ አሜሪካ የገባች ናት። «ጎዳና ጠራጊው» በምትባል ታሪኳ ለአፍሪካ አጭር ልቦለድ የሚሰጠውን የኬን ሽልማት በ2021 አሸነፈች። ሽልማቱን ያገኘች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ናት። ታሪኩ ጌቱ ስለሚባል የአዲስ አበባ መንገድ ጠራጊ ወጣት ነው። አየሽ፣ መንገድ ጠራጊም ታሪክ አለው።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ኮምቦልቻ የፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ፤ ዕድሜዬ 41 ነው። ግጥም እጽፋለሁ። ጓደኞቼ ግን «ይሄ የእገሌን ይመስላል» እያሉ ያሳፍሩኛል። ከሌላ ሰው ሥራ ተነሥቶ መጻፍ ስርቆት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እርስዎ ያሉት በባቲ መንገድ ላይ ነው። ባቲን ስንት ሰው ዘፍኖታል? አምባሰልንስ? ቅኝቱ የአገር ነው፤ ማንም ይገባበታል። ስንኙ ግን የየሰው ነው። የሌላውን ስንኝ አንሥቶ የራሴ ነው ያለ ሰው ሰርቋል። በቅኝቱ ገብቶ የራሱን ሐዘን ያዜመ ግን የአገሩን ልማድ ነው የፈጸመው። መንዙማውም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ በአንድ ዜማ ስንት ግጥም ሲባል ሰምተን አድገናል።

በዚህ ጉዳይ ከልቤ የማደንቀው አንድ ወጣት ደራሲ አለ። ሞሐመድ ምቡጋር ሳር ይባላል፤ በ1990 የተወለደ ሴኔጋላዊ ነው። በ2021 ጎንኩር የተባለውን ትልቁን የፈረንሳይ የልቦለድ ሽልማት አገኘ። ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች ይህን ያገኘ የመጀመሪያው ደራሲ ነው። ያነሣሣው ሌላ ደራሲ ነው፤ ያምቦ ኡሎጌም የሚባል የማሊ ሰው። ኡሎጌም በ1968 በፈረንሳይ ተሸልሞ ስሙ ገነነ። ጥቂት ቆይቶ ከሌሎች መጻሕፍት ገልብጧል ተብሎ ተከሰሰ። ወደ አገሩ ተመለሰና ከሥነ ጽሑፉ ዓለም ራቀ። በ2017 እስኪሞት ድረስ በዚያው ዝምታ ኖረ።

ሳር የዚያን ሰው ዝምታ ይዞ ተነሣ። በአንድ መጽሐፍ ከገነነ በኋላ ደብዛው የጠፋ ደራሲን እግር በእግር ስለሚፈልግ ወጣት ጻፈ። መጽሐፉንም ለኡሎጌም መታሰቢያ አደረገው። ከማን እንደተነሣ አልደበቀም። እኔ ልዩነቱ ይኼ ይመስለኛል። ዚምባብዌያዊቷ ኖቫዮሌት ቡላዋዮም በ2022 ባሳተመችው ልቦለድ እንስሳትን ሰው አድርጋ ስለ አገሯ ፖለቲካ ስትጽፍ፣ አያቷ በልጅነቷ የነገሯት ተረቶች ባለውለታዋ እንደሆኑ ተናግራለች።

እርስዎም ግጥምዎን ለብቻዎ ሆነው ድምፅ አውጥተው ያንብቡት። የሰው ስንኝ ካለበት ያውጡት። ቅኝቱ ብቻ ከሆነ ይቆይ። ከላይም «እገሌን አንብቤ የጻፍኩት» ብለው ይጻፉበት። ያን ጊዜ ጓደኛዎ የሚያሳፍርበት ነገር አይኖረውም።

ጥያቄ፦ ከወልድያ ነው። መጽሐፍ ውድ ነው። እነዚህን ደራሲዎች ያለ ገንዘብ የት ላንብባቸው?

መልስ፦ በአጭር ልቦለድ ጀምር። የኬን ሽልማት ከ2000 ጀምሮ ለአፍሪካ አጭር ልቦለድ የሚሰጥ ነው። ለመጨረሻው ዙር የደረሱትን ታሪኮች ኢንተርኔት ላይ በነጻ ታገኛቸዋለህ። ኬንያዊው ቢንያቫንጋ ዋይናይና በ2002 ሲያሸንፍ የሽልማቱን ገንዘብ ይዞ ናይሮቢ ላይ ከጓደኞቹ ጋር «ክዋኒ» የሚባል መጽሔት አቋቋመ። ቃሉ «እና ምን?» እንደማለት ነው። ብዙ አዳዲስ ጸሐፊዎች የወጡት በዚያ በኩል ነው። ወልድያ ውስጥ እንዳንተ ማንበብ የቸገራቸው አራት አምስት ልጆች አይጠፉም። አንድ ስልክ ላይ አውርዳችሁ ማታ ማታ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ።

እንግሊዝኛው ከከበደህ ደግሞ «ጃላዳ» የተባለውን የወጣት ጸሐፊዎች ማኅበር ፈልግ። በ2016 የአንጋፋውን ኬንያዊ ደራሲ የንጉጊ ዋ ቲዮንጎን አንድ አጭር ተረት፣ ሰው ለምን በሁለት እግሩ ቆሞ መሄድ እንደጀመረ የሚናገረውን፣ ከሠላሳ በሚበልጡ ቋንቋዎች አስተረጎሙት። አማርኛም አለበት። ንጉጊ አዲስ ደራሲ አይደለም፤ ያሳተሙት ልጆች ግን አዲስ ናቸው። እኔ በወረቀት አትሜ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ። አንተም፣ የሐይቋ ልጄም፣ በሚቀጥለው ደብዳቤ የፖስታ ሣጥን ቁጥራችሁን ጻፉልኝ፤ አንዳንድ ቅጂ እልክላችኋለሁ።