120 ቮልት የለመደ ሴጋ 220 ላይ ሲሰካ

አንድ የአዳማ አንባቢ የላከልኝን ጥያቄ አሳጥሬ ላቅርበው። «ሜሪላንድ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ለፋሲካ ሲመጣ አሮጌ ሴጋ ጀነሲስ የቪዲዮ ጌም ማሽን ከሦስት ካርትሪጅ (ጌሙ ያለበት ተሰኪ) ጋር ይዞልኝ መጣ። ፊቱ ላይ የኢርፎን ቀዳዳና የድምፅ ማንሸራተቻ አለው። ከመጓጓቴ የተነሳ ቻርጀሩን ማከፋፈያ ላይ ሰካሁት። ቀይዋ መብራት በራች፤ ትንሽ ቆይቶ ቻርጀሩ ሸተተና ሁሉም ነገር ጠፋ። ሴጋው አብሮ ተቃጥሏል? የዋይፋይ ራውተሬ ቻርጀር ጫፉ ልክክ ብሎ ይገባል፤ በእሱ ልሞክረው? ቲቪዬ ባለ 32 ኢንች ፍላት ነው። ከተነሳልኝ ጌሞች መሰብሰብ እፈልጋለሁ፤ ከምን ልጀምር?»

ወንድሜ፣ የራውተሩን ቻርጀር ወደ ራውተሩ መልሰው። ሴጋህ የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። የሚያሰጋኝ ገና ያላደረግከው ሁለተኛው ሙከራ ነው።

የሆነውን ልንገርህ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። የዛሬ የስልክ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የትም ብትሰካው ግድ የለውም። የጀነሲስ ቻርጀር ግን ውስጡ ብረት ላይ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ነው፤ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር። እጥፍ የሚጠጋ ቮልት ሲገባበት ከመጠን በላይ ከረንት ይስባል፣ ይግላል። የሸተተህ የሽቦው ቫርኒሽ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ያለው የሙቀት ፊውዝ ይበጠስና ነገሩ እዚያው ያበቃል። ቻርጀሩን እርሳው፤ ማስጠገኑ አያዋጣም።

ሴጋው ለምን ሊተርፍ ይችላል? ከቻርጀሩ የሚመጣው ቮልት በቀጥታ ወደ ቺፖቹ አይሄድም። ያንተ ሞዴል 1 የሚባለው ነው፤ የድምፅ ማንሸራተቻው ምልክቱ ነው። በዚህ ሞዴል ውስጥ 7805 የሚባሉ ሁለት ሪጉሌተሮች አሉ። ሥራቸው የገባውን ቮልት ወደ 5 ቮልት ማውረድ ነው፤ እስከ 35 ቮልት ይችላሉ። ያ ቻርጀር በትክክለኛ መብራት ላይ ያለ ጭነት ሲለካ ከ12 እስከ 14 ቮልት ያሳያል፤ 9 ይላል እንጂ የተስተካከለ 9 አይደለም። እጥፍ ቢሆን እንኳ ከ35 በታች ነው። ስለዚህ ሪጉሌተሮቹ ለዚያች አጭር ጊዜ ድብደባውን ተቀብለውልህ ይሆናል። በእኔ ልምድ እንዲህ ሆኖ የመጣ ሴጋ ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቻርጀሩን፣ ቀጥሎ የፓወር ጃኩን (ቻርጀሩ የሚገባበትን ቀዳዳ)፣ ከዚያ የካርትሪጁን መግቢያ ነው። ዋናው ቦርድ የመጨረሻ ነው።

አሁን ወደ ራውተሩ ቻርጀር። የራውተር ቻርጀር እንደ ደንቡ የጫፉ መሐል ፖዘቲቭ ነው፤ ብዙውን ጊዜም 12 ቮልት። ሞዴል 1 ጀነሲስ የሚፈልገው 9 ቮልት ዲሲ፣ 1.2 አምፒር፣ መሐሉ ኔጌቲቭ ነው። ጫፉ መግባቱ ምንም ማረጋገጫ አይደለም። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ተገልብጦ ከገባ ሪጉሌተሩንና ካፓሲተሩን (ኤሌክትሪክ የሚያከማቸውን ዕቃ) ሊገድል ይችላል። የመጀመሪያው አደጋ ያልነካው ማሽን በሁለተኛው ሊሄድ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። አብዛኛው እንዲህ ያለ ቻርጀር ላይ ትንሽ ሥዕል አለች፦ መሐል ላይ ነጥብ፣ ዙሪያዋን ግማሽ ክብ፣ ግራና ቀኝ የመደመርና የመቀነስ ምልክት። ከነጥቧ የሚወጣው መስመር ወደ መቀነስ ምልክት ከሄደ መሐሉ ኔጌቲቭ ነው፤ ያንተ እሱ ነው። በሥዕሏ ብቻ አትመን። ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ካለህ ዲሲ ቮልት ላይ አድርገው፣ ቀዩን ጫፍ የቻርጀሩ ቀዳዳ ውስጥ፣ ጥቁሩን ውጪው ላይ አስነካ። ቁጥሩ ፊት ለፊቱ የመቀነስ ምልክት ይዞ ከመጣ፣ ማለትም −9 አካባቢ ካለ፣ ለሴጋህ ትክክል ነው።

«12 ቮልቱን ሽቦ ገልብጬ ብጠቀምስ?» የሚል አይጠፋም። ይሠራል፣ ግን አልመክርም። 7805 የተረፈውን ቮልት የሚያቃጥለው ወደ ሙቀት ቀይሮ ነው። ማሽኑ 1 አምፒር ቢስብ በ9 ቮልት 4 ዋት ሙቀት ይወጣል፤ በ12 ቮልት 7 ዋት። ከ30 ዓመት በላይ የቆየ ዕቃ ላይ ያን ያህል ሙቀት መጨመር ምን ያደርግልሃል?

የት ታገኛለህ? የሙዚቃ መሣሪያ የሚሸጡ ቤቶች ጠይቅ። የጊታር ፔዳል ቻርጀር አብዛኛው 9 ቮልት ሆኖ መሐሉ ኔጌቲቭ ነው፤ ጫፉም ልክህ ነው። አምፒሩን ብቻ ተመልከት። 0.5 የሚሉት አይበቁህም፤ 1.2 እና ከዚያ በላይ ይሁን። አምፒሩ ቢበልጥ ችግር የለውም፤ ማሽኑ የሚወስደው የሚያስፈልገውን ነው። ካጣህ ጥሩ ባለ 9 ቮልት ቻርጀር ገዝተህ ጫፉ አጠገብ ያለውን ሽቦ በመቁረጥ ሁለቱን ገልብጦ ማገናኘት ይቻላል። እያንዳንዱን ለየብቻ ጠቅልል፣ በቴስተር አረጋግጥ፣ ከዚያ ቻርጀሩ ላይ በማርከር «ለሴጋ ብቻ» ብለህ ጻፍ። ቤት ውስጥ ያለ ሌላ ሰው ራውተሩ ላይ እንዳይሰካው።

ወንድምህ የሴጋውን ኦሪጅናል ቻርጀር ድጋሚ ልላክልህ ካለ፣ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልግሃል። አንዳንድ ስታቢላይዘሮች ጀርባቸው ላይ ባለ 110 ቮልት መውጫ አላቸው። እኔ ግን አዲሱን ቻርጀር እመርጣለሁ፤ ቀለል ያለ ነው፣ የሚሳሳትበትም ሰው የለም። ሞዴል 2 የሚባለው ትንሹ ጀነሲስ ደግሞ ሌላ ነው፤ 10 ቮልት፣ መሐሉ ፖዘቲቭ፣ ጫፉም ቀጭን። ወንድምህ የሱን ገዝቶ እንዳይልክልህ ንገረው።

ቻርጀሩን ከማግኘትህ በፊት ሴጋውን ፈትሽ። ከሥር ያሉትን ብሎኖች በመስቀለኛ ካቻቢቴ ፈትተህ ክዳኑን አንሳ። የተቃጠለ ነገር ይሸት እንደሆነ አሽትት። ፓወር ጃኩ አካባቢ ያሉትን ካፓሲተሮች አናት ተመልከት፤ ያበጠ ወይም ፈሳሽ የወጣው ካለ ከመሰካትህ በፊት ይቀየር። ቴስተሩን የሚጮኸው ቦታ ላይ አድርገህ የጃኩን መሐልና ጎን ንካ። ሳያቋርጥ ከጮኸ ሾርት አለ፤ ቻርጀር አታስገባበት። ጃኩን ራሱ በጣትህ በቀስታ ወዝወዝ አድርገው። ብዙ ሞዴል 1 ላይ የጃኩ ብየዳ ተሰንጥቆ አገኛለሁ። ገመዱ ሲነካ የሚጠፋና የሚበራ ሴጋ ካየህ ምክንያቱ በአብዛኛው ይኸው ነው። መልሶ መበየድ ብቻ ነው፣ ደቂቃ አይፈጅም።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ትክክለኛውን ቻርጀር ሰካና አብራ። አሉሚኒየሙ ላይ የታሰሩትን ባለሦስት እግር ሪጉሌተሮች ለካ፦ መሐለኛው እግር ግራውንድ ነው፣ አንደኛው ጫፍ መግቢያ፣ ሌላኛው መውጫ። መውጫው ላይ 5 ቮልት አካባቢ ካለ ደስ ይበልህ። ከሌለ 7805 በየኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ ቤቱ የሚገኝ ርካሽ ዕቃ ነው።

አንድ ነገር ልብ በል። ካርትሪጅ ሳይገባ ስክሪኑ ጥቁር ቢሆን ማሽኑ ሞቷል ማለት አይደለም፤ ጀነሲስ ያለ ካርትሪጅ የሚያሳየው ነገር የለውም። ካርትሪጅ አስገብተህም ጥቁር ከሆነ መጀመሪያ የካርትሪጁን ጥርሶች አጽዳ። በአፍህ እፍ አትበል። ትንፋሽ እርጥበት አለው፤ መዳቡን ቀስ በቀስ ይበላዋል። 90 ፐርሰንትና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል የጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ ላይ አድርገህ ጥርሶቹን ከላይ ወደ ታች እሸት። ጥጡ ጠቁሮ ይወጣል፤ ንጹሕ እስኪሆን እየቀየርክ ድገመው። የእጅ ሳኒታይዘር አይሆንም፣ ግሊሰሪኑ እዚያው ይቀራል። ብርጭቆ ወረቀት ደግሞ በፍጹም፤ ቅቡን ልጦ ይጥለዋል። እስኪደርቅ ጠብቅ፣ ማሽኑ ጠፍቶ እያለ ካርትሪጁን ጥቂት ጊዜ አስገባ አውጣ፤ የመግቢያውም ዝገት አብሮ ይለቃል።

ቲቪው ላይ እንምጣ። ከሴጋው ጋር የአንቴና ዓይነት ገመድ መጥቶ ከሆነ ተወው። የሚልከው በአሜሪካ ቻናል 3 ወይም 4 ነው፤ የድምፁ አላላክም ከእኛ ይለያል። የሚያስፈልግህ ለሞዴል 1 የተሠራ ኤቪ ገመድ ነው፦ በአንድ ጫፉ ክብ ባለ 8 ፒን፣ በሌላው ቢጫና ነጭ። የሞዴል 2 አይገባም። የአሜሪካ ሴጋ ምስሉን የሚልከው ኤንቲኤስሲ በሚባለው ስልት ነው፣ የእኛ አገር ደግሞ ፓል በሚባለው። ፍላት ቲቪዎች በኤቪ ሁለቱንም ስለሚቀበሉ ችግር አይገጥምህም። ፓል ብቻ የሚያውቅ የድሮ ቲቪ ግን ምስሉን ጥቁርና ነጭ ያደርገዋል ወይም ያንከባልለዋል።

ሥዕሉ ከመጣ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ቅርፁን 4፡3 አድርግ። ፍላት ቲቪ ሳይጠየቅ ይለጥጠዋል፤ ሶኒክም ወፍሮ ይታያል። ጌም ሞድ ካለው አብራ። ቁልፉን ስትጫን ዘግይቶ የሚዘል ከሆነ ጥፋቱ የጆይስቲኩ ሳይሆን የቲቪው ነው፤ ሥዕሉን ለማሳመር ጊዜ ይወስዳል። ርካሽ የኤቪ ወደ ኤችዲኤምአይ መቀየሪያዎች ደግሞ መዘግየት ይጨምራሉ። ቲቪህ የኤቪ መግቢያ ካለው አትግዛቸው። ዘመድ ቤት አቧራ የለበሰ ባለ ሆድ ቲቪ ካለ ግን ለምነህ ውሰድ፤ ኤንቲኤስሲ መቀበሉን ብቻ መጀመሪያ ሞክር። እነዚህ ጌሞች የተሠሩት ለእሱ ነው፤ መዘግየት የለም፣ ቀለሙም ያምራል። ጀርባውን ግን አትክፈት። ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ብዙ ሺህ ቮልት ሊይዝ ይችላል።

ስለ ድምፅም ልንገርህ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሳያውቀው ያልፋል። የሞዴል 1 ኤቪ ገመድ ድምፁ ሞኖ ነው። ስቴሪዮው ያለው ፊት ለፊት ባለው የኢርፎን ቀዳዳ ነው። ከኢርፎን ወደ ቀይና ነጭ የሚሄድ ተራ ገመድ ገዝተህ ከዚያ ወደ ቲቪው ወይም ወደ ቴፕ ውሰደው። በውስጡ ያለው የያማሃ የድምፅ ቺፕ የሚያወጣውን ቤዝ ስትሰማ ለዚህ ማሽን ያለህ አመለካከት ይለወጣል። እኔ ይህን ሞዴል የምወደው ለዚህ ነው።

መሰብሰቡን በተመለከተ፣ አትቸኩል። ማሽኑ አሜሪካዊ ነውና የአሜሪካ ካርትሪጅ ግዛ። የጃፓኑ ቅርፁ ስለሚለይ አይገባም፤ የአውሮፓውም አንዳንዱ አልነሳም ይላል። ካርቶን ያለው ውድ ነው፤ ለመጫወት ከሆነ ባዶ ካርትሪጁ ይበቃሃል። ለወንድምህ ንገረውና ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥባቸው ቤቶች እየለቀመ በሻንጣ ይላክልህ። የስፖርት ጌሞች ከሁሉም ይረክሳሉ። ከእነሱ አንዱን ግን አደራ፦ በ1993 የወጣውን የመጀመሪያውን ፊፋ። በፕሌይስቴሽን ቤት ወረፋ ጠብቀን የተጫወትነው ፊፋ መጀመሪያ የወጣው በዚሁ ማሽን ነው። ሜዳውን ከጥግ ሆነህ በሰያፍ ታየዋለህ፤ ለመልመድ ጊዜ ይወስዳል፣ ከዚያ አይለቅህም። ሶኒክ 2 እና ስትሪትስ ኦፍ ሬጅ 2 ጨምር፤ ሁለቱም የ1992 ናቸው፤ ለሁለት ሰው ይሆናሉ። ስለዚህ ሁለተኛ ጆይስቲክ ሳትገዛ አራተኛ ካርትሪጅ አትግዛ።

የተጭበረበረ ካርትሪጅ በዝቷል። አብዛኛው ካርትሪጅ የሚከፈተው በ3.8 ሚሊ ሜትር ልዩ መፍቻ ነው። ውስጡ ቺፑን የሸፈነ ጥቁር የሙጫ ጠብታ ካየህ ቅጂ ነው ብለህ ጠርጥር። የብዙ ኦሪጅናል ካርትሪጆች ቦርድ ላይ የሴጋ ስም ታትሟል፣ ቺፑም እግሮቹ የሚታዩ ነው። እንደ ፋንታሲ ስታር 4 ያሉ ረጅም ጌሞች ደግሞ የደረስክበትን የሚያስቀምጡት በባትሪ ነው። ባትሪው ካለቀ ጌሙ ይሠራል፣ የደረስክበት ግን ይጠፋል። ሲቀየር ብየዳው ባትሪው ላይ በቀጥታ አይደረግም፤ የብረት ጆሮ የተበየደለት ሲአር 2032 የሚባል ክብ ባትሪ ይገዛል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሴጋውን አጥፋና ቻርጀሩን ንቀል። ሲመለስ የሚመጣውን ቮልት ማንም አያውቀውም፤ ትንሽ ቆይተህ ሰካው።

አሁን ቴስተር ተዋስና ጃኩን ለካ። ሾርት ካለ ወይም ሪጉሌተሮቹ 5 ቮልት ካልሰጡ፣ በሁለቱም ላይ መግቢያና መውጫ ያነበብከውን ቁጥር ጽፈህ ላክልኝ። የቦርዱን ፎቶም ጨምርበት፤ የትኛው ዕቃ እንደሚቀየር ከዚያ አይቼ እነግርሃለሁ።