አባትሽን ማን ጠየቃቸው?

ጥያቄ፦ የ38 ዓመት ሴት ነኝ፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። አባዬ ጅማ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ይኖራል። የልብ ድካም አለበት። ሐኪሙ “ከእንግዲህ ደስ የሚለውን አድርጉለት” ብሎናል። 85ኛ ዓመት ልደቱን በሰርፕራይዝ ላከብርለት አስቤ ለአዳራሽ ቀብድ ከፍያለሁ። ኬኩ፣ ዲኮሩ፣ ፎቶ አንሺው ሁሉም አልቋል። ቀኑን ያገኘሁት ከመታወቂያው ነው፤ እሱ የሚያውቀው ጣሊያን ጅማን በለቀቀበት ክረምት፣ በ1933 መወለዱን ብቻ ነው። ወንድሜ ግን “አይሆንም” ብሎ ስልኬንም ማንሳት ትቷል። ሌሊት ሌሊት ሦስት ትራስ ደርቦ የሚያስተኛው እሱ ስለሆነ ደክሞት ይሆናል፤ ቢሆንም የአንድ ቀን ነገር ነው። ድሮም ግትር ነው። እንዴት ላሳምነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ለአባትሽ ያለሽ ፍቅር ከደብዳቤሽ ያስታውቃል። ደጋግሜ ያነበብኩት ግን አባትሽ ራሳቸው ምን እንዳሉ ፈልጌ ነው። አላገኘሁትም።

ሌላም ነገር አሳሰበኝ። ሐኪሙ ያላችሁን በአንድ መስመር ጻፍሽና ወዲያው ወደ አዳራሹ አለፍሽ። እንዲህ ያለ ቃል የሰማ ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ ያቅተዋል። አንቺም ሥራ ፈለግሽ፣ አገኘሽም። ዘመድ ይሰብሰብ፣ ፎቶ ይነሳ፣ ስለ እሳቸው ጥሩ ጥሩው ይነገር ብለሻል። እኔ እንደሚገባኝ ይህ ልደት ሳይሆን ስንብት ነው። አትደንግጪ፣ ስንብት ነውር አይደለም። የሚያሳዝነኝ፣ የሚሰናበቱት ሰው እንዳያውቁ መደረጉ ነው።

እኛ አገር ክፉ ወሬ ከታማሚው ይደበቃል። ሐኪሙን ኮሪደር ላይ እናናግራለን፣ አልጋው አጠገብ ስንደርስ “አይዞህ፣ ምንም የለብህም” እንላለን። ከልብ የሆነውን ቃል ለለቅሶ ቤት እናቆየዋለን፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚሰማው ሰው የለም። አባትሽ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ እግራቸው ሲያብጥ እያዩ፣ ምንም አልገባቸውም ብለሽ ታምኛለሽ? ብዙ አረጋውያን ያውቃሉ። ልጆቻቸው ዝም ስላሉ፣ እነሱም ልጆቻቸውን ላለማስከፋት ዝም ይላሉ። በአንድ ቤት ውስጥ ሁሉም ያንኑ ፍርሃት ለየብቻው ተሸክሞ ያድራል። ይህ ዝምታ ከበሽታው እኩል ያደክማል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ወንድምሽ ልምጣ። ቅር አይበልሽና፣ በዚህ ጉዳይ ከእሱ ጋር ነኝ። ሦስት ትራስ የሚደርበው ልብ ሲደክም ውኃ ሳንባ ውስጥ ስለሚጠራቀምና በጀርባ መተኛት ስለሚያፍን ነው። ያ ማለት ሌሊቱን ነቅቶ ትንፋሽ ያዳምጣል። የሰርፕራይዝ ድንገተኛ ጩኸት አባትሽን ያስደነግጣል፤ የድግስ ወጥ ጨው ደግሞ ሰውነት ውስጥ ውኃ ይይዛል። አንቺ ወደ አዲስ አበባ ስትመለሺ ያችን ሌሊት የሚያድራት እሱ ነው። “አይሆንም” ያለሽ “አልቻልኩም” ማለት ከብዶት ይሆናል። እስካሁን “አንተስ እንዴት ነህ?” ያለው ሰው መኖሩንም እጠራጠራለሁ።

ሰርፕራይዙ ይቅር። ቀብዱም ቢቀልጥ ይቅለጥ። ለወንድምሽ ስለ ድግስ ሳታነሺ መልእክት ላኪለት፤ ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ ብቻ ጠይቂው። ቶሎ ባይመልስልሽ ታገሺ። ከዚያ ጅማ ውረጂና ጥቂት ቀን ሰንብቺ፣ ሌሊቱንም ተቀበዪው። አባትሽን “ማንን ማየት ትፈልጋለህ?” በያቸው። ምናልባት ድግስ ይሉሽ ይሆናል፤ እንግዲያው ሐኪማቸውን አማክራችሁ፣ እዚያው ቤት፣ በጠዋት ጉልበት ሳሉ፣ ከጥቂት ሰው ጋር ቡና አፍልታችሁ አክብሩ። አንድ የድሮ ጓደኛ ብቻ ሊሉሽም ይችላሉ።

አንቺም ብትሆኚ አባትሽ በሕይወት እያሉ ማዘን ጀምረሻል። ይህን በደብዳቤ መጨረስ አይቻልም። አዲስ አበባ ያለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በአካል አግኚ፤ ወንድምሽ እሺ ካለ ደግሞ አንድ ቀን አብራችሁ ብትሄዱ እመርጣለሁ።