ሮቦት ይከፋዋል? የእንስሳት ሐኪሙ ይመልሳሉ

ደብረ ብርሃን ላይ ዓመታት በግ ሳክም የኖርኩ ሰው ነኝ። የዛሬው ጉዳይ ሮቦት ስሜት ሊኖረው ይችላል ወይ የሚል ነው። ኮምፒውተሩን ለባለሙያው ትቼ ከእንስሳ አንጎል በኩል እመልሳለሁ። አስቀድሜ ልናገር፦ ማሳየት ሌላ፣ መሰማት ሌላ።

የሞላሌው፦ እንደምን አመሹ ዶክተር። እንስሳ ስሜት እንዳለው በምን ይታወቃል? በግ እንደሁ አትናገር!

ሐኪሙ፦ የመንዝ ልጅ ሆነህ ይህን ትጠይቀኛለህ? ባለፈው ክረምት አንዲት በግ ግልገሏ ሞተባት። ቆዳውን ገፈን እናት ለሌለው ግልገል አለበስነው። መጣች፣ ከጭራው ሥር አሸተተች፣ ዝም ብላ ጡቷን ሰጠች። ያለ ቆዳው ቢሆን በግንባሯ ታሽቀነጥረው ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ስትወልድ የማኅፀኗ በር ሲለጠጥ መልእክቱ አንጎል ይደርሳል። ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን እዚያው አንጎሏ ውስጥ ይለቀቃል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የልጇን ሽታ ትይዛለች። እናትነቷ ከማኅፀን፣ ከአፍንጫ፣ ከጡት ጋር የተጋመደ ነው። እንግሊዝ አገር ኪት ኬንድሪክና ባልደረቦቹ በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ደግሞ በግ የ50 በጎችን ፊት ከ2 ዓመት በላይ እንደምታስታውስ አሳይቷል። ሰውን «በግ» እያላችሁ የምትሰድቡ አስቡበት።

ባሶና፦ ስልኬ ላይ የማወራው ፕሮግራም «አዝኛለሁ» አለኝ።

ሐኪሙ፦ በቀቀንም «እንደምን አደሩ» ይላል። ማሳየት ሌላ፣ መሰማት ሌላ።

ከደብረ ሲና፦ ጃፓኖች የሠሩት ፓሮ የሚባል ሮቦት አረጋውያንን ያጽናናል ይባላል።

ሐኪሙ፦ የተጽናኑት አረጋውያኑ ናቸው። ሌላ ጥያቄ።

የጓሳው፦ ጭላዳስ? ልጇ ሲሞት ሬሳውን ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ተሸክማ ትዞራለች። እኛ ጓሳ ላይ አይተናል፣ ተመራማሪዎችም መዝግበውታል።

የሞላሌው፦ ገብሴን ስትጨርስስ አዝና ነው?

የጓሳው፦ እርሻውን እስከ ገደሉ አፋፍ የገፋው ማን ሆነና!

የሞላሌው፦ አባቴ ያረሰውን ነው የማርሰው፣ ወንድሜ።

ሐኪሙ፦ ኧረ በማርያም! የገብሱን ነገር ለሽማግሌ ተዉት። የጭላዳዋ ሐዘን ይሁን መሞቱን አለማወቅ፣ በመሸከሟ ብቻ አልፈርድም። ስንቴ ልበል፦ ማሳየት ሌላ ነው።

የአንኮበሯ፦ ዶክተርዬ፣ ፍርሃት ያለው ሮቦት ቢሠራስ? አደጋ ሲያይ የሚሸሽ?

ሐኪሙ፦ ይኸ ጥያቄ ነው፣ እህቴ። ዋልተር ሄስ የሚባል የስዊስ ሰው ሃይፖታላመስ የሚባለውን የድመት አንጎል የታችኛ ክፍል በኤሌክትሪክ ሲነካካ ድመቷ ፀጉሯን አቁማ ትቆጣ ነበር። በ1949 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለመ። ያክ ፓንክሴፕ የሚባል ተመራማሪ ደግሞ አይጦችን ሲኮረኩር የሰው ጆሮ የማይሰማው፣ 50 ኪሎኸርዝ አካባቢ የሆነ ድምፅ ያሰሙ ነበር፤ ድገመኝ እንደሚል ልጅ እጁን ይከተሉታል። የአንጎላቸው የላይኛው ቅርፊት ገና በሕፃንነታቸው የተወሰደባቸው አይጦች እንኳ ይላፉ ነበር። ስለዚህ የስሜት ሥሩ ከማሰቢያው በታች፣ ልብንና ትንፋሽን ከሚያዘው ክፍል አጠገብ ነው። ጆሴፍ ለዱ ግን፣ የፍርሃትን መንገድ አሚግዳላ በሚባለው የአይጥ አንጎል ክፍል ውስጥ የተከታተለው ሰው፣ ኋላ ላይ ራሱ «ይህ ራስን የመከላከያ መስመር ነው፤ ከተሰማ ፍርሃት ጋር አትደባልቁት» ወደሚል አሳብ መጣ። አየሽ? የሚሸሽ ሮቦት መሥራት ቀላል ነው። የሚሸሽበት የራሱ ጉዳይ ግን የለውም። ባትሪው ሲያልቅ ይቆማል፣ ስትሞይው ይነሳል። በጓ አንዴ ከወደቀች ወደቀች ነው። በየደቂቃው ራሱን ካልጠገነ የሚፈርስ አካል ከሠሩለት፣ ያኔ ክርክሩን እንደ አዲስ እጀምራለሁ።

አዲስ ገቢ፦ ሮቦት ስሜት አለው ወይስ የለውም?

ሐኪሙ፦ ከላይ አንብብ።

የጅሩ ልጅ፦ በሬ ሊታረድ ሲል ይፈራል?

ሐኪሙ፦ ይፈራል። ሥጋው ይመሰክራል። ሳይታረድ ሲዋከብ የዋለ በሬ በጡንቻው ያጠራቀመውን ስኳር ይጨርሰዋል፣ ሥጋው ጠቆር ብሎ ይደርቃል። ከጅሩ በመኪና ያመጣኸውን ሠንጋ ቢያንስ አንድ ሌሊት አሳርፈው፣ ውኃም አጠጣው።